የአባባ መስመር

እህቴን ለማያውቃት ሰው ማስረዳት አድካሚ ነው። በጠዋት ፀጉሯን እንደነገሩ ጠቅልላ፣ የትናንቱ ጠመኔ ከቀሚሷ ላይ ሳይራገፍ ከቤት ስትወጣ ያያት ሰው፣ የጠፋባት ነገር ያለ ይመስለዋል። ቴክኒክ ትምህርት ቤት የኤሌክትሪክ መምህር ናት። ሰሌዳው ላይ ቀስት ሳትስል የምትውልበት ቀን ስለሌለ ተማሪዎቿ “ቀስቷ” ይሏታል። እኔ ታናሿ ነኝና እትዬ ነው የምላት። እሷ ደግሞ ፀጉሬ ሸብቶ እንኳን ሚጡ ትለኛለች። ልብስ ሰፊ ነኝ፤ የምሰፋውም ቤቴ ቁጭ ብዬ ነው። ምላሷ ይዋጋል ይሉኛል። ይበሉ፣ ምን ቸገረኝ።

በዚያ ቀን ስለሆነው ነገር ህንፃችን ውስጥ ያልተወራ የለም። ግማሹ ውሸት ነው፣ ግማሹ ደግሞ ምቀኝነት። ስለዚህ እኔው ራሴ ከስሩ ጀምሬ ላውራው፤ እዚያ የነበርኩት እኔ ነኝና።

እትዬ ቀስትን የተማረችው በእንባ ነው። ተማሪ ሳለች ተለዋዋጭ ኮረንት የሚባለው ትምህርት ላይ ስትደርስ ቀጥ አለች። ፈተናውን ወደቀች፣ ደግማ ተፈትናም ወደቀች። አንድ ቀን ከትምህርት ቤት መጥታ ደብተሯን ወለሉ ላይ ወረወረችው።

“እዚህ ጋ ስለካው ሶስት ይለኛል፣ እዚያ ጋ አራት ይለኛል፣ ጠቅላላውን ስለካው አምስት! ሰባት መሆን የለበትም? ምን አይነት ሒሳብ ነው ይሄ?”

እኔ ሳቄ መጣ። “ጨርቅ የሚሸጥልኝ ሰውዬ እንዲህ ቢለካልኝ አንቄው ነበር” አልኳት። እሷ ግን አልሳቀችም፣ ማልቀስ ጀመረች።

አባባ ያኔ ጤነኛ ነበር። ሙያው የመስመር እንጨት ማቆም ነው። የስልክም ይሁን የመብራት ገመድ ሊዘረጋ በታሰበበት ሁሉ ከጓደኞቹ ጋር እየሄደ ጉድጓድ ይቆፍራል፣ ግንዱን ያቆማል። ስለ ኮረንት የሚያውቀው እንደማይነካ ብቻ ነው። የልብስ ሜትሬን ከአንገቴ ላይ መዞ ወሰደና ወለሉ ላይ ተንበረከከ።

“ነይ እስቲ። በዚህ ሶስት ሄድሽ እንበል። አሁን ታጠፊና በዚህ ደግሞ አራት ሂጂ። ከተነሳሽበት ቦታ ምን ያህል ራቅሽ?”

ሜትሩን በሰያፍ ዘረጋው። አምስት ሆነ። “እኛ ጥግ የምናቀናው በዚህ ነው” አለና ጉልበቱን እያራገፈ ተነሳ። እትዬ ወለሉ ላይ ተንበርክካ ሜትሩን ራሷ ደግማ ለካችው። ከዚያ ደብተሯን አነሳችና ቀስት መሳል ጀመረች። እስከ እራት ድረስ ቀና አላለችም።

ኋላ ለኔም አስረድታኛለች። “ኮረንት ወዲያና ወዲህ የሚመላለስ ነገር ነው፣ ሚጡ። አንዱ ቀድሞ ይደርሳል፣ ሌላው ዘግየት ብሎ ይከተለዋል። ያንን ሁሉ ማዕበል ከመሳል አንድ የሚዞር ቀስት ትስያለሽ። የቀስቱ ርዝመት መጠኑ ነው፣ የሚያይበት አቅጣጫ ደግሞ ተራው መቼ እንደሆነ ይነግርሻል። ሁለት ቀስቶች ወደ አንድ ጎን ካላዩ ዝም ብለሽ አትደምሪያቸውም፤ የአንዱን ጭራ ከሌላው ጫፍ ላይ ትቀጥያለሽ።” ይሄ ስዕል ፌዘር ዲያግራም ይባላል። ገባኝ አልኳት፣ አልገባኝም ነበር። እንድትተወኝ ብዬ ነው።

ከዚያ ወዲያ ግን የምታየው ነገር ሁሉ ቀስት ሆነ። አንድ ሽቶ የሚቀባ፣ ጨዋ የባንክ ሰራተኛ ሊያገባት ይመላለስ ነበር። አንድ ቀን ሸኝታው ስትመለስ “ምነው ፊትሽ ጠቆረ?” ብላት፣ “እኔና እሱ ዘጠና ዲግሪ ነን። ቮልቱም አለ፣ ኮረንቱም አለ፣ ስራ ግን አይሰራም” ብላኝ እርፍ። አባባ ይሄን ሰምቶ እስኪያስለው ድረስ ሳቀ። ሳሉ ግን እንደ ሳቁ ቶሎ አልተወውም። ሳምንት ቆየ፣ ወር ቆየ፣ ከዚያ ደረጃ መውጣት አቃተው።

ሳንባው ነው ተባለ። ሐኪሙ ከአየር ላይ ኦክስጅን እያጣራ የሚሰጥ፣ ሻንጣ የሚያህል ማሽን አዘዘለት። በኮረንት ነው የሚሰራው። ቱቦው አፍንጫው ስር ይገባል። መጀመሪያ ሰሞን ለመብላትና ለመታጠብ ሲሆን እንነቅልለት ነበር። እየቆየ ለመብላትም መንቀል ቀረ። ሐኪሙ እኔንና እትዬን ወደ ኮሪደሩ ጠርቶ፣ “ያለ ማሽኑ ረጅም ጊዜ አይቆዩም፣ ተጠንቀቁ” አለን። ረጅም ማለት ስንት እንደሆነ ለመጠየቅ እኔም አልደፈርኩ፣ እሷም አልደፈረች።

የህንፃችን መብራት ደግሞ ድሮም ልፍስፍስ ነው። ከኛ በላይ ያለው ፎቅ ላይ ለሱቆች ኬክ የምትጋግር ሴትዮ አለች፤ ኬኳ እንላታለን። ትልቅ የኤሌክትሪክ ምድጃ አላት። እሷ ምድጃዋን ስትለኩስ የኛ አምፖል ይደክማል፣ የአባባ ማሽን ጢጥ ጢጥ ይልና ቀጥ ይላል። አባባ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ፣ አይኑን አይናችን ላይ ተክሎ እስኪመለስ ይጠብቃል። ያ አስተያየቱ አንጀቴን ይበላው ነበር። በአንድ እጄ መጥረጊያ ይዤ ስንቴ ጣሪያውን እንደደበደብኩ እግዜር ነው የሚያውቀው።

በመጨረሻ እትዬ ዘዴ አገኘች። ወደ ህንፃው የሚገቡት መስመሮች ሶስት ናቸው። ሁለቱን ነዋሪው ተሻምቶ ይጠቀምባቸዋል። ሶስተኛው ምድር ቤት የነበረው ሱቅ መስመር ነው፤ ሱቁ ከተዘጋ ወዲህ ባዶውን ነው የተቀመጠው። የህንፃውን ባለቤት አስፈቀደች፣ በእረፍቷ ቀን ደረጃው ስር ያለውን የመብራት ቦርድ ከፈተች፣ የአባባን ክፍል ብቻ ነጥላ ሶስተኛው መስመር ላይ አስገባችው።

“ከዛሬ ጀምሮ ኬኳ ከፈለገች ህንፃውን ትጋግረው፣ አባባን አትነካውም” አለች እጇን እየጠረገች። እኔ ጉንጯን ሳምኳት።

“የግል መስመር!” አለ አባባ። “ሚኒስትር ሆንኩ በሉኛ።” ከዚያ ግን የድሮ ሙያው መጣበትና መጠየቅ ጀመረ። “ሶስቱ መስመሮች እንዴት ነው የሚተጋገዙት?”

እትዬ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ መዳፉ ላይ በጣቷ ሶስት ቀስት ሳለችለት፤ ከአንድ መሃል ተነስተው፣ እኩል ተራርቀው፣ ወደ ሶስት ጎን የሚያዩ። “አንተ ግንድ ስታቆም ከሶስት ወገን በገመድ ትወጥረው የለ? እንደዚያ ነው። ሶስቱም እኩል ሲስቡ መሃሉ አይነቃነቅም።”

“አንዱ ላልቶ ሌሎቹ ቢያጠብቁስ?”

“መሃሉን የሚይዝ ሽቦ አለ፣ ኒውትራል ይባላል። ያንተ ግንድ እግሩ ተቀብሮ እንደሚቆመው ማለት ነው። እግሩ ከተቀበረ ገመዱ ቢላላም አይወድቅም።”

“እግሩ ካልተቀበረስ?”

“ተቀብሯል፣ አባባ” አለች፣ ብርድ ልብሱን እያስተካከለችለት።

ለተወሰነ ጊዜ እውነትም ተንፈስ አልን። ማሽኑ ጢጥ ማለት ተወ፤ እኔም መጥረጊያዬን ለመጥረጊያነቱ መለስኩት። ከዚያ ኬኳ ሁለተኛ ምድጃ ገዛች። በዚያው ሰሞን ደረጃው ስር የአሳ ሽታ መሽተት ጀመረ። ወይ ጉድ፣ በአሳ ስንት ጠብ ተነሳ መሰላችሁ! እኔ ምድር ቤት ያለውን ጡረተኛ ሾፌር ጠረጠርኩ፤ ብቻውን ነው የሚኖረው፣ አሳ አበስብሶ ይሆናል አልኩ። እሱ ኬኳን ጠረጠረ፣ ኬኳ እኔን። ማንም አሳ አልጠበሰም። የጋለ የቦርድ ፕላስቲክ እንደ አሳ እንደሚሸት የሚያውቅ አንድ ሰው ነበረን፤ እሷን ደግሞ ጉንፋን ይዟት አፍንጫዋ ድፍን ብሎ ነበር።

የአባባ አምፖልም ጠባዩ ተለወጠ። ነጭ አምፖል አይኔን ይወጋኛል ስለሚል የድሮውን፣ ክር ያለውን ቢጫ አምፖል ነው የምናደርግለት። በየጊዜው መቃጠል ጀመረ። የሰፈሩን ባለሱቅ “የማይረባ ዕቃ እየሸጥክ!” ብዬ ሰው ፊት አዋረድኩት። አዲሱ ሲገባ ደግሞ ብርሃኑ የሚገርም ነበር፣ ቦግ ያለ። እኔ ሞኟ ደስ አለኝ። ዕድሜዬን ሙሉ በደከመ መብራት ስሰፋ አይኔ ጠፍቶ፣ አሁን አባባ ክፍል ገብቼ ያለ መነፅር መርፌ መሰካት ጀመርኩ። የስፌት መኪናዬን ልተክልበት ሁሉ አስቤ ነበር።

ጎረቤቱ ግን ጥርስ ነከሰብን። የነሱ ክፍል ሲደክም፣ የአባባ መስኮት ቦግ ብሎ ከግቢው ይታያላ! “ያቺ መምህርት ቦርዱን ከፍታ ብርሃናችንን ለአባቷ አዞረችው” ተባለ። ኬኳ ደረጃ ላይ አግኝታኝ፣ “ሌባ በዲግሪ” ብላ አለፈች። ደሜ ፈላ። እንደዚያ ቀን ሰው የሰደብኩበት ቀን የለም፤ የተናገርኩትን አልደግመውም።

እንግዲህ ያ ቀን እንዲህ ነበር። ከጠዋት ጀምሮ ይዘንባል፣ ሰማዩ ከብዷል። እትዬ ትምህርት ቤት ናት። ምሳ ሰዓት አካባቢ አባባ ክፍል ቁጭ ብዬ ቁልፍ ስተክል፣ ክፍሉ ድንገት በራ። ቀና አልኩ። አምፖሉ ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ነጭ ሆኗል፣ አያስተያይም። ማሽኑ ደግሞ ከወትሮው የተለየ፣ የተቆጣ ድምፅ ያሰማል።

“ሚጡ፣” አለ አባባ አይኑን በእጁ ከልሎ፣ “ይሄ ነገር ደስ አላለኝም።”

ስልኬን አንስቼ እትዬ ጋ ደወልኩ። ክፍል ውስጥ ነበረች፣ ግን አነሳችው። ስለ ብርሃኑ፣ ስለ ማሽኑ ድምፅ፣ ስለሚቃጠለው አምፖል፣ ስለ አሳውም ሳይቀር ዘረገፍኩላት።

“ኬኳ ቤትስ? መብራት አላቸው?”

“የሷማ ሞቷል። ምድጃዬ አልግል አለ እያለች ከጠዋት ጀምሮ ስትጮህ ይሰማኛል። ሁለቱንም ለኩሳቸዋለች።”

ጠመኔ ሰሌዳ ላይ ሲንኳኳ ይሰማኛል፤ አንዴ፣ ሁለቴ፣ ከዚያ ረጅም ጭረት። ጠመኔው ቆመ።

“ኒውትራሉ ተበጥሷል” አለች። ድምጿን አላወቅሁትም። “መሃሉን የሚይዘው የለም፣ ሚጡ። ብዙ የሚጎትቱት ሁለቱ ወደነሱ ስበውታል። ባዶው መስመር ተለጥጧል፣ ከሁሉም የሚበልጥ ቀስት የሱ ሆኗል። እኔ ነኝ፣ እኔ ነኝ አባባን እዚያ ብቻውን ያስቀመጥኩት።”

“ለቅሶሽን ኋላ! አሁን ምን ላድርግ?”

“ማሽኑን ንቀይ። አሁኑኑ።”

ነቀልኩት። አባባ እጁን ደረቱ ላይ አደረገ። ለመጠባበቂያ ያለን የኦክስጅን ሲሊንደር ባዶ ነው፣ የተሞላው የሚመጣው በማግስቱ ነው። ማሽኑን ኬኳ ጋ ልውሰደው አልኳት፤ “በሷ መስመር ድሮም አልሰራ፣ ዛሬማ ጭራሽ” አለችኝ። ከዚያ ያለችኝን ስሰማ ያበደች መሰለኝ።

“የኤሌክትሪክ ምድጃችንን፣ ካውያዎቹን፣ ያለሽን ሁሉ አባባ ክፍል አምጥተሽ ሰኪ። ሁሉንም ለኩሺ።”

“እንዴ! በዚህ ላይ ሌላ እሳት?”

“ሰኪ አልኩሽ! እሱ ብቻውን ስለሆነ ነው የተለጠጠው። በሱም በኩል የሚጎትት ከበዛ መሃሉ ይመለሳል። አምፖሉን እያየሽ ቢጫ እስኪሆን ጨምሪ፣ ቢጫ ሲሆን ማሽኑን መልሺ። አምቡላንስ እደውላለሁ፣ መጣሁ።”

ምድጃውን ከኩሽና ስጎትት እግሬ ላይ ጣልኩት፣ ህመሙ የተሰማኝ ማታ ነው። የሶኬት ማከፋፈያውን ሰካሁ፣ ምድጃውን ለኮስኩ። አምፖሉ ትንሽ ቀዘቀዘ። ትልቁን ካውያ ሰካሁ፣ ትንሹን ጨመርኩ። እኔ ልሙት፣ አይኔ እያየ ያ ሰማያዊ ነጭ ወደ ቢጫ ወረደ። ማሽኑን መለስኩ። ተነሳ። አባባ ረጅም ትንፋሽ ሳበና አይኑን ጨፈነ። እኔ መሬት ላይ ዝርግፍ አልኩ።

ያን ጊዜ ቀጭ የሚል ድምፅ ሰማሁ፣ አምፖሉም ቦግ አለ። ካውያው ነው! ካውያ ሲግል ራሱን እንደሚያጠፋ እኔ ነኝ እንዴ የምረሳው? ይሄንን የትኛውም ቀስት አልነገራትም፤ ይሄ የኔ ሙያ ነው። ሮጬ አንሶላ ባልዲ ውስጥ ነከርኩና ካውያውን እርጥቡ ላይ ጫንኩት። ሲቀዘቅዝ መልሶ ሳበ፣ አምፖሉ ወረደ። እንግዲህ ካውያዎቹ ግለው እንዳይጠፉ ሁለቱንም በሁለት እጄ ይዤ እርጥብ አንሶላ መተኮስ ያዝኩ። አንሶላው ሲደርቅ እንደገና እነክራለሁ፣ እንደገና እተኩሳለሁ። ክፍሉ በእንፋሎት ታፈነ። ምድጃው ግሏል፣ ላቤ አይኔ ውስጥ ይገባል።

“ለማን ነው ይሄን ያህል የምትተኩሺው?” አለ አባባ፣ ትንፋሹ እየተቆራረጠ።

“ለሰርግህ ነዋ።”

“ስለ ሙሽራዋ... ሳልጠየቅ?” ፈገግ አለ። ከንፈሩ ግን ቀለሙ ደስ አላለኝም። ሙቀቱ ለሱ መርዝ እንደሆነ አውቃለሁ። ምድጃውን ባጠፋ ማሽኑ ይቃጠላል፣ ባላጠፋ እሱ ይታፈናል። በህይወቴ እንደዚያ ፈርቼ አላውቅም። መስኮቱን በክርኔ ገፋ አድርጌ ከፈትኩና ወደ ላይ ጮህኩ።

“ኬኳ! እባክሽ ምድጃዎችሽን አጥፊ! በሞቴ!”

ከላይ መስኮት ተከፈተ። “አዬ! እናንተ ቦግ ብላችሁ እኔ ጨለማ ልቀመጥ? መጀመሪያ የሰረቃችሁትን መልሱ!”

“አባባ ሊሞትብኝ ነው!”

መስኮቱ ተዘጋ። ኋላ ላይ ዝናቡ አላሰማኝም ብላ ምላ ተገዝታለች። እውነቷን ይሁን አይሁን አላውቅም፣ ምድጃዎቿ ግን አልጠፉም።

አምቡላንሱ አልመጣም፤ ዝናቡ መንገዱን ዘግቶታል። እትዬ ደረሰች። የግቢውን በር ድምፅ ሰማሁ፣ ወደ ላይ ግን አልወጣችም። ስልኩ ጮኸ፣ ድምፅ ማጉያው ላይ አደረግሁት።

“ቦርዱ ስር ነኝ። እየጨሰ ነው፣ ሚጡ። የኒውትራሉ ብሎን ቀልጧል፣ ቦርዱ የተመታበት እንጨት ላይ እሳት ሊነሳ ነው። ሁሉንም አጥፍቼ ነው የማስረው። ልክ አምቡላንሱ—”

እሷ ሳትጨርስ ምድጃው ጧ አለ። ክሩ ተበጠሰ። አምፖሉ እንደገና ያንን የተረገመ ነጭ ሆነ፣ ማሽኑ አጓራ። ሁለት ካውያ ብቻውን አልያዘውም። ማሽኑን ነቀልኩ።

“ምድጃው ሄደ፣ እትዬ! ምንም የለኝም!”

“እንግዲያው አሁን ነው” አለች። ከዚያ ደግሞ፣ “አባባ፣ ትሰማኛለህ? ሻይ እስኪፈላ ድረስ ታገሰኝ። ሻይ እስኪፈላ ብቻ።”

አባባ አንገቱን ወደ ስልኩ አዞረ። “ቀስ ብለሽ ስሪ፣ ልጄ” አላት።

መብራቱ ጠፋ። ህንፃው በሙሉ ጭጭ አለ፣ የዝናቡ ድምፅ ብቻ ቀረ። መስኮቱን ወለል አድርጌ ከፈትኩ፣ ከትራሱ ቀና አደረግሁት፣ የጃኬት ቅድ የማወጣበትን ካርቶን አንስቼ አራግብለት ጀመር። ትንፋሹ አጭር ነው፣ እንደሚቸኩል ሰው። እጄን ያዘኝ፤ ግንድ ያቆመ እጅ ነው፣ እንደታመመም ያሳምማል።

“እንዴት ነው?” ይላል ስልኩ።

“ይተነፍሳል።” እውነቴን ነበር።

“ሽቦውን የያዘው ዳዶ ከብሎኑ ጋር ተጣብቋል። እየመታሁት ነው።” የብረት ድምፅ ይሰማኛል፤ ከስልኩም፣ ከደረጃውም። “ሽቦውን ቆርጬ አዲስ ብሎን ላስገባለት ነው። በርታ በይው።”

“በርታ፣ አባባ።”

አየኝ። ማሽኑ ሲቆም የሚያየኝ አስተያየት አልነበረም፤ የሚጠብቀው ነገር የለም። ትንፋሹ እየራቀ ሄደ። አንዱ ወጣና ሌላውን ስጠብቅ ቆየሁ፣ መጣ። ደግሞ ጠበቅሁ። እጁ እጄ ውስጥ ቀስ ብሎ ቀለለ። ካርቶኑን አላቋረጥኩም፣ አራግበዋለሁ።

“ሚጡ? እንዴት ነው?”

ምን ልበላት? እሳት ያለበት ቦርድ ውስጥ፣ ከመንገድ የሚገባው፣ ሊጠፋ የማይችለው ኮረንት አጠገብ እጇን ከታ ነው ያለችው። እጇ ቢንቀጠቀጥ እሷንም ላጣት ነው። “ስሪ፣ እትዬ፣ ስሪ” አልኳት። ድምፄ እንዴት እሺ እንዳለኝ እስከ ዛሬ አላውቅም።

ከስር አንድ ከባድ ቀጭታ ተሰማ። አምፖሉ በራ። ደስ የሚል፣ የረጋ ቢጫ። ከላይ የኬኳ ሬዲዮ መጮህ ጀመረ፣ ከስር ሾፌሩ “ተባረኪ!” ሲል ይሰማል። ማሽኑን መልሼ ሰካሁት። ምን ላድርግ? ሰካሁት።

“አምፖሉ እንዴት ነው?” አለች እትዬ እያለከለከች።

“ልክ ነው።”

“ቢጫ ነው?”

“ቢጫ ነው።”

“ማሽኑስ?”

“እየሰራ ነው፣ እትዬ።”

ሳቀች። ከልጅነታችን ጀምሮ እንደዚያ ስትስቅ ሰምቻት አላውቅም፤ ሳቅም ልቅሶም ነው። “መጣሁ በይልኝ” አለች፣ ስልኩን ሳትዘጋው ደረጃውን ሁለት ሁለቱን እየዘለለች ስትወጣ ይሰማኛል።

“እትዬ መጣሁ ብላሃለች፣ አባባ” አልኩት፣ እጁን ሳልለቅ።